ጎርፉ፣ ደለሉና የአንድ የፎገራ ቤተሰብ ትዝታ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ወረታ የሚወርድ መንገደኛ 40 ኪሎሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ ሁለት አገር ያልፋል። ላይኛው አገር ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ብርዱ ጋቢ አልፎ የሚገባ የፋርጣ ደጋ ነው። ታችኛው አገር ውሃ በተኛበት ዋልካ ላይ ሩዝ የሚቆምበት፣ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የሚግጥበት የፎገራ ሜዳ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት፤ ከበላይዋ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ሜዳው ግን ከጣና ሐይቅ ጋር ተያይዞ በ1,800 ሜትር አካባቢ ተዘርግቷል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሁለቱም ከጉና አካባቢ ይነሡና ይህን ሁሉ ቁልቁለት ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይደክማሉ። ውሃ ሲደክም የተሸከመውን ያስቀምጣል። የተሸከመውም አፈር ነው።

በእነዚህ በራሪ ጽሑፎቻችን ብዙውን ጊዜ የምናቀርበው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ መከላከል ነው። በዚህኛው ግን የአንድ ቤተሰብ ትዝታ እናቀርባለን። ቤተሰቡ በርብ ወንዝ አጠገብ የሚኖር ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ቤቱንና አዝመራውን ጎርፍ ወስዶበት እንደ ገና ቤት የሠራ ነው። ስማቸውንና ቀበሌያቸውን አንጠቅስም። ለሥራችን የሚያስፈልገው ያዩትና ያደረጉት ነውና።

አባትየው የሜዳው ተወላጅ ናቸው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራ ጅግናና በፎገራ ሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሲያስተክሉ በልጅነታቸው ቆመው ተመልክተዋል። ዛሬ ድረስ ሜዳውን የሸፈነው «ኢክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። እናትየው ደግሞ ከጉና ግርጌ፣ ከፋርጣ ደጋ ተድረው የመጡ ናቸው። ወንድማቸው ዛሬም እዚያው የአባታቸውን እርሻ ያርሳሉ። ይህ ዝምድና በኋላ ለምንናገረው ነገር ቁልፍ ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ሩዝ ከመግባቱ በፊት በሜዳው ላይ በክረምት የሚተኛው ውሃ ለአብዛኛው ገበሬ ጠላት ነበር። ጤፉን ያበሰብሳል፤ ኑጉን ያቀጭጫል። ገበሬው ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራ ነበር። ሩዝ ከመጣ ወዲህ ግን ያ ውሃ ሀብት ሆነ። አባትየው ሲያጫውቱን፣ በዚያን ዓመት ክረምቱ ሲከብድ ደስ ብሏቸው እንደ ነበረ አልደበቁም። ሩዙ አምሮ ነበር።

የዚያ ዓመት ክረምት በአገራችን ብዙ ሰው የፈጀ ነው። ሐምሌ 30 ቀን ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ወጥቶ 364 ሰዎች አለቁ። ቤተሰቡ ይህን በሬዲዮ ሰምቶ አዝኗል፤ ነገር ግን የሩቅ አገር ወሬ ነበር። የኛ ውሃ ጠባዩን እናውቀዋለን የሚል መተማመን በሜዳው ላይ ነበረ። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ተከበረ። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላልና ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ መስቀል አዞረ።

ውሃው የመጣው ከቡሄ በኋላ ነው። ለተከታታይ ቀናት ጉና በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ሲያጉረመርም ሜዳው ላይ ግን እምብዛም አልዘነበም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሜዳ የሚኖር ሰው የሚያጠፋውን ዝናብ በራሱ ጣሪያ ላይ ሲወርድ አይሰማውም። እናትየው የደጋ ልጅ ስለ ሆኑ ያን ጥቁረት ሲያዩ ልባቸው አልወደደውም። ለባለቤታቸው ተናግረው ነበር። ባለቤታቸው ግን ወጥተው የርብን ዳር አይተው ተመለሱና ተኙ።

ጎርፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እያገሣ ድንጋይ የሚያንከባልል ውሃ ነው። ደጋ ላይ እንዲያ ነው። ሜዳ ላይ የሚመጣው ግን ዝም ብሎ ነው። መጀመሪያ የነቁት በመደቡ ላይ የተኙት አያት ነበሩ፤ ቁርበታቸው ረጥቦ። ዶሮዎቹ በቆጡ ላይ ይራወጣሉ። መብራት ሲለኮስ ወለሉ የለም፤ ምድጃው ውስጥ አመዱ ተንሳፏል። ርብ ዳሩን ጥሶ ወጥቶ ነበር። ጣና ራሱ በክረምቱ ማብቂያ ሞልቶ ስለ ነበረ ውሃው ወደ ሐይቁ በቶሎ የሚወርድበት መንገድ አጣ፤ ስለዚህም በሜዳው ላይ እየተኛ ከፍ አለ።

እዚህ ላይ የባልና የሚስቱ ትዝታ ይለያያል።

አባትየው አያትንና አራቱን ልጆች ከደጅ ወዳለው ሾላ አድርሰው፣ ሁለቱን ትልልቆች ቅርንጫፍ ላይ ካወጡ በኋላ ወደ ቤት ተመለሱ። ጎታው ውስጥ የዓመቱ እህል አለ። ጎታ ደግሞ ከጭቃና ከእበት የተሠራ ስለ ሆነ ውሃ ከሥሩ ሲይዘው ይሟሟል። ሲገቡ ጎኑ ተንዶ ጤፉ ውሃው ላይ ተበትኗል። ያንን ለማዳን እንደማይቻል ዐወቁ። ነገር ግን በማገሩ ላይ ተንጠልጥሎ አንድ ስልቻ የሽምብራ ዘር ነበር። ያን ፈትተው ራሳቸው ላይ ተሸክመው ሲወጡ ውሃው እስከ ደረታቸው ደርሶ፣ ግማሹ ግድግዳ ከኋላቸው ወደቀ። እሳቸው እንደሚሉት ቤተሰቡ በቀጣዩ ዓመት ሰው ሆኖ የቆመው በዚያ ስልቻ ነው።

እናትየው ግን ስለ ስልቻው ሲነሣ ፊታቸው ይለወጣል። እሳቸው የሚያስታውሱት በጨለማ፣ አንድ ሕፃን በጀርባቸው፣ አንድ ልጅ በክንዳቸው፣ አማታቸው ቀሚሳቸውን ይዘው፣ ባላቸው ከቤቱ ውስጥ አልወጣ ያሉበትን ጊዜ ነው። ግድግዳው ሲወድቅ ሰሙ። የወደቀው ግድግዳው ብቻ ይሁን ሰውም አብሮ ይሁን አላወቁም። ይህን ሲነግሩን አባትየው አጠገባችን ተቀምጠው ነበር፤ አልተከራከሩም። በመካከላቸው ብዙ ጊዜ የተነሣ ነገር እንደ ሆነ ገባን።

እኛ ሁለቱንም ሰምተን የምንለው ይህን ነው። ዘሩ አስፈላጊ ነበር፤ ሚስትየውም ትክክል ናቸው። ስሕተቱ ዘሩ በዚያ ሌሊት በዚያ ቤት ውስጥ መገኘቱ ነው። ማንም አባወራ በዘሩና በልጆቹ መካከል እንዲመርጥ የሚያስገድደው ሰዓት ሊመጣበት አይገባም። በጎርፍ አገር የሚኖር ገበሬ ከሰኔ በፊት ከዘሩ ከፊሉን ከፍ ባለ ቦታ ካለ ዘመድ ዘንድ ማኖር አለበት። ቤተሰቡም ከዚያ ዓመት ወዲህ እንዲህ ያደርጋል፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ ስልቻ ሽምብራ ወደ ፋርጣ ይወጣል፤ ጥቅምት ሳይገባ ይወርዳል።

ሲነጋ ሜዳው ከጣና ጋር አንድ ሆኖ ነበር። ከሐይቁ ዳር በደንገል ታንኳ የመጡ ሰዎች ከሾላው ላይ አወረዷቸውና ከፍ ወዳለ የቤተ ክርስቲያን ግቢ አደረሷቸው። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ሞተ። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነችው የፎገራ ላም ግን ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆማ ተገኘች። የፎገራ ከብት ረግረግ የለመደ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በወተቷም ትመሰገናለች። የሚያሳዝነው የግጦሽ መሬቱ ለሩዝ እየታረሰ፣ ዘሩም ከሌላ እየተደባለቀ ንጹሑ የፎገራ ከብት እየተመናመነ መሄዱ ነው። ይህ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወሬውን የሰሙት የእናትየው ወንድም በሦስተኛው ቀን በቅሎ እየሳቡ ወረታ ደረሱ። አያትንና ልጆቹን ይዘው ወደ ደጋ ወጡ። ባልና ሚስት ከላሚቱ ጋር ታች ቀሩ። ዘመን መለወጫን ያሳለፉት በሸራ ድንኳን ውስጥ፣ በተሰፈረላቸው ስንዴ ነው። ከዚያም ወባው ተነሣ። በሜዳው ላይ ወባ የሚበረታው ውሃው ሲሸሽና በየጉድጓዱ ሲቆርር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነውና። ላሚቱም ከስታ አገጯ ሥር አበጠ፤ ይህ የጉበት ትል ምልክት ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በኩሬ ዳር ሣር ላይ ስለሚጠብቅ፣ ከጎርፍ በኋላ ከብትን ውሃው በሚሸሽበት ጠርዝ ላይ ማሰማራት አደገኛ ነው። ሣሩ ታጭዶ በደንብ ደርቆ ቢሰጥ ይሻላል፤ መድኃኒቱንም ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ማግኘት ይቻላል።

ውሃው ሲሸሽ መሬታቸው ሁለት ዓይነት ሆኖ ጠበቃቸው። ከወንዙ ራቅ ያለው ማሳ ላይ ደለሉ የአንድ ጣት ውፍረት ብቻ ነበር፤ ሩዙ ጎብጦ ቢተኛም ከፊሉ ቀና አለ። ከወንዙ ዳር ያለው ግን እስከ ጉልበት በሚደርስ ደለል ተቀብሮ የሩዙ ጫፍ እንኳ አይታይም። ብዙዎች ሩዝ ውሃ ስለሚወድ ጎርፍ አይጎዳውም ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሩዝ ሥሩ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ አየር ላይ ሲሆን ይመቸዋል። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ለብዙ ቀናት ከተዋጠ፣ ይልቁንም ውሃው ድፍርስ ሆኖ ብርሃን ካላሳለፈ፣ እንደ ማንኛውም ሰብል ታፍኖ ይሞታል።

ስልቻው ውስጥ 30 ኪሎግራም የሚያህል ሽምብራ ነበር። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ከ100 ኪሎግራም የማያንስ ስለ ሆነ፣ ዘሩ የሚበቃው ለሩብ ሄክታር ገደማ ነው። አባትየው በሬያቸውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ጥሩ እርጥበት ባለው ስስ ደለል ላይ ዘሩት። በቀረው መሬት ላይ ግን ከጎረቤት በብድር ያገኙትን ጓያ በተኑ። ጓያ ብዙ እርሻ አይጠይቅም፤ ጭቃም ድርቅም ይችላል። ችግረኛ ገበሬ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው።

የካቲት ላይ ጓያው ደረሰ። ልጆቹም ከደጋ ተመልሰው ነበር። አያት ግን ድስቱን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በጓያ እግሩን ተይዞ፣ ጎልማሶች በምርኩዝ ሲንፏቀቁ በዓይናቸው አይተዋል። በአካባቢው ሽባነቱ የሚመጣው ከጓያው እንፋሎት ነው፣ ወይም በጭዱ ላይ በመተኛት ነው የሚል እምነት አለ። እውነቱ ግን መርዙ በፍሬው ውስጥ መሆኑ ነው። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል፤ አንዴ ከያዘም አይለቅም። ስለዚህ ጓያ ከመበላቱ በፊት በብዙ ውሃ አሳድሮ ውሃውን መድፋት፣ ቀቅሎም የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብቻውን አለመመገብ፣ ከእህል ጋር አሳንሶ መቀላቀል ያስፈልጋል። ይህ መርዙን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

እናትየው ያደረጉት ከዚህ የበለጠ ነው። ጓያውን ሸጠው በገንዘቡ ገብስ ከወንድማቸው ገዙ። ወንድምየው ገንዘቡን አልቀበልም ብለው ነበር፤ እሳቸው ግን አስገድደው ሰጡ። በድንኳን የተሰፈረላቸው ስንዴ አንገታቸው ላይ ቆሞ እንደ ነበረ ከንግግራቸው ተረዳን።

ቤቱ የተሠራው በዚያው በጋ ነው። እንሂድ ወይስ እንቆይ የሚለው ነገር በቤተሰቡ ውስጥ ብዙ አነጋገረ። እናትየው ወደ ፋርጣ መውጣትን መረጡ። አባትየው ግን ደጋ ላይ የሚጠብቃቸው መሬት እንደሌለ፣ የወንድምየው እርሻ ለራሳቸው ልጆች እንኳ እንደማይበቃ ተናገሩ። በመጨረሻም ስምምነቱ ይህ ሆነ፤ ሜዳው ላይ ይቆያሉ፣ ነገር ግን ቤቱ በቀድሞው ቦታ ላይ አይቆምም፣ ከወንዙ ርቆ፣ መሠረቱም ከፍ ብሎ ይሠራል። ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ አፈር ተሸክሞ እየደለደለ የአንድ ክንድ ተኩል ከፍታ ያለው መደልደል ሠራ። ወንድምየው ከደጋ የባሕር ዛፍ አጣና ላኩ። ጎታው ቀርቶ በአራት እግር የቆመ ጎተራ ተሠራ። ከፈረሰው ቤት የተረፈው ምሰሶ ብቻ ስለ ነበረ እሱኑ መልሰው ተከሉት፤ የደለሉ መስመር እስከ ዛሬ ድረስ በላዩ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። ወንድምየው ለደቦው ወርደው ሳለ በተቀበረው ማሳ ላይ ቆመው ደለሉን በእጃቸው ዘገኑ። የሜዳው አፈር ጥቁር ነው፤ ይህኛው ግን ቀይ ነበር። አማችየው፣ «ይህ እኮ የናንተ አፈር ነው፤ ተመለሱና ውሰዱት» አሏቸው። በቀልድ የተነገረ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም አልሳቁም። በጥር ወር አባትየው ወደ ፋርጣ ወጥተው የአማታቸውን እርሻ ተዘዋውረው አዩ። በማሳው ላይ ውሃ እንዳይተኛ ገበሬው በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይወርድና አንድ ቦረቦር ውስጥ ይገባል። ቦረቦሩም በዓመት በዓመት እየሰፋ ወደ ጅረቱ፣ ጅረቱም ወደ ርብ ይሄዳል።

ነገሩን በቁጥር ብናየው፣ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል 100,000 ሊትር ውሃ ነው። ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሳንቲሜትር አፈር ሲታጠብ ደግሞ 100 ሜትር ኩብ አፈር ሄደ ማለት ነው። በጉና ዙሪያ ስንት ሺህ እንዲህ ያሉ ማሳዎች እንዳሉ ያካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ወንድምየው ፈሰሱን እንዲያቃኑ ሲጠየቁ የመለሱት መልስ ቀላል አልነበረም። ፈሰሱ ከተዳፈነ ውሃው ይተኛና ገብሱ ይቢጫል፣ ድንቹ ይበሰብሳል። የድንጋይ ካብ ቢሠራ መሬት ይወስዳል፤ አይጥም ይራባበታል። እኛም ሳንሸሽግ እንናገር፣ ቀደም ባሉት ዓመታት እንደ እኛ ያሉ ባለሙያዎች እርከን ሥሩ ብለን ስንመክር ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ ይዘን አልሄድንም። ካቡ የተሠራው በዘመቻ፣ የፈረሰውም ገበሬው ራሱ ድንጋዩን እያነሣ ነው።

ሁለቱ አማቾች ያደረጉት በመካከል ያለ ነገር ነው። ፈሰሱን አላስቀሩትም፤ ነገር ግን ቀጥ ብሎ መውረዱን ትተው ማሳውን በሰያፍ፣ በቀስታ እንዲያቋርጥ አድርገው ሣር ወዳለው ዳር አወጡት። ከማሳው በላይ ከተራራው የሚመጣውን ውሃ የሚቀበል ቦይ ቆፈሩ። በቦዩ ጠርዝ ላይ ትሪ ሉሰርንና ሣር ተከሉ፤ ለበጎችም መኖ ሆነ። የቦረቦሩን አፍ በድንጋይና በእንጨት ዘጉ። መጀመሪያ ላይ ጎረቤት ሳቀባቸው፤ የላይኛው ማሳ ባለቤት ፈሰሱን እንደ ቀድሞው ስለ ለቀቀው በሁለተኛው ክረምት ቦዩ ተደረመሰ። መልሰው ሠሩት። ከዚያ በኋላ የላይኛው ባለቤት በወንፈል ገባ። ከአንድ ተዳፋት ላይ የሚደረግ ሥራ ርብን እንደማያቆመው ሁለቱም ያውቃሉ። ወንድምየው ዛሬ ቦዩን በየዓመቱ የሚጠርጉት በመጀመሪያ ደረጃ ለራሳቸው አፈር ብለው ነው፤ እኛም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አናውቅም።

በዚህ መካከል በላይኛው ርብ ላይ 73 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል። ግድቡ ከበላዩ የሚመጣውን ጎርፍ ይይዛል፤ ከግድቡ በታች ወደ ርብ የሚገቡትን ጅረቶችና የጉማራን ውሃ ግን አይይዝም። የተያዘው ደለልም የትም አልሄደም፤ በግድቡ ውስጥ ይቀመጣል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በፎገራና በሊቦ ከምከም ጎርፍ እንደ ገና ብዙ ቤተሰብ አፈናቀለ።

ያን ጊዜ ውሃው ወደዚህም ቤት መጥቷል። ቤተሰቡ ሌሊቱን ተራ እየገባ፣ በደጃፉ ቀጭን ዘንግ ተክሎ ይለካ ነበር። አያት በሕይወት አልነበሩም። ትልቁ ልጅ አግብቶ የራሱን ቤት በዚያው መደልደል ላይ ሠርቷል። ሽምብራው ፋርጣ ነበር። ላሚቱ ቀድማ ከፍ ወዳለው መንገድ ዳር ተወስዳ ነበር። ውሃው ከወለሉ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ፤ ንጋት ላይ መሸሽ ጀመረ።

ቤተሰቡን በጎበኘንበት ጊዜ ሩዙ ታጭዶ ገና አልተወቃም ነበር። ከመውጣታችን በፊት በምሰሶው ላይ ያለውን የ1998ቱን መስመር በሜትር ለመለካት ፈቃድ ጠየቅን። እናትየው መለኪያውን ከእጃችን ተቀብለው ጫፉን ራሳቸው ያዙልን።